ከገበያ የመጣ ማረሻ

በወይራ ማርያም ማረሻ የሚሠራ ሰው የለም። ማንንም ብትጠይቁ ሳያመነታ ይነግራችኋል፤ ቄሱም፣ የቀበሌው ሊቀመንበርም፣ አጥር ተደግፎ ጥርሱን የሚፍቀው ሽማግሌም። «እኛ ገበሬዎች ነን፤ ማረሻችን የሚመጣው ከገበያ ነው» ይሏችኋል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ማረሻው የደነዘበት ወይም የተሰበረበት ሰው በማለዳ ወደ አያ ክንዱ ቤት ይሄድና ብረቱን ከአጥሩ ሥር አስቀምጦ «አያ ክንዱ፣ አምባ ጊዮርጊስ የወጣህ እንደሆን ይዘህልኝ ሂድ» ይላል። አያ ክንዱም «ከወጣሁ እሺ» ይላል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ማረሻው ተስሎ ከዚያው አጥር ሥር ይገኛል። አያ ክንዱ በዚያ ሳምንት ገበያ ወጥቶ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ከወንዙ ዳር ካለው የፈረሰ ግቢ የሚወጣውን ጭስ ያየሁ፣ የመዶሻውን ድምፅ የሰማሁ የሚልም እስከ ዛሬ አልተገኘም። አገር ሙሉ ሰው አይቶ እንዳላየ ለመሆን እንዲህ ተስማምቶ ይኖራል። ይህን የመሰለ ስምምነት በሌላ ጉዳይ ቢገኝ ኖሮ መንገዱም ድልድዩም ድሮ ባለቀ ነበር።

ክንዱን የሚያንገበግበው ምስጢሩ አልነበረም፤ እሱንማ በሠላሳ ሦስት ዓመት ለምዶታል። የሚያንገበግበው ወቀሳው ነው። የሚሠራቸው ማረሻዎች ያምራሉ፣ ይስላሉ፤ ድንጋይ ሲነካቸው ግን ጫፋቸው ቅንጥስ ይላል። ያን ጊዜ ጎረቤቱ አስናቀው ስባሪውን ይዞ ይመጣና ከደጅ ቆሞ «ያ የከተማ ቀጥቃጭህ እጁን ይቆርጥመው! አንድ ማሳ እንኳ ሳልጨርስበት ሄደ። ምነው ሌላ ሰው አትፈልግልንም?» ይላል። ክንዱም ራሱን ነቅንቆ «እነግረዋለሁ» ብሎ ይመልሳል። በፊቱ ይረገማል፤ እርግማኑን ለማድረስ ደግሞ በገዛ አፉ ቃል ይገባል። አስናቀው ይህን የሚለው እያወቀ ነው ወይስ ሳያውቅ? ፀሐይ የሞቀው አገር ያወቀው ነገር ነው፤ አስናቀውም የሚኖረው ከዚያው አገር ውስጥ ነው።

ነገሩ እንዲህ እንደተሸፋፈነ ይኖር ነበር፤ ሄለን ባትደውል።

ሄለን የክንዱ የመጨረሻ ልጅ ናት። ጐንደር ዩኒቨርስቲ ገብታ የመጀመሪያ ዓመቷን እየጨረሰች ነው። በወይራ ማርያም ስልክ የሚይዘው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው ጉብታ፣ ከትልቁ ጥድ ሥር ብቻ ስለሆነ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ክንዱ እዚያ ይወጣል፤ እሷም ሰዓቷን ጠብቃ ትደውላለች። ግንቦት በገባ በሁለተኛው እሁድ ስለ እናቷ፣ ስለ ጊደሯ፣ ስለ ዝናቡ ጠይቃ ከጨረሰች በኋላ ድምፅዋን ለወጥ አደረገች።

«አባ፣ የትምህርት ክፍል ምረጡ ተብለናል። እስከ ዓርብ ነው።»

«ሸጋ! ምኑን ልትመርጪ ነው?»

«ውጤቴ ለሁሉም ይበቃኛል። ሲቪልም ኤሌክትሪካልም ብል ይደርሰኛል። እኔ ግን ሜካኒካል ምህንድስናን ነው የማስቀድመው።»

ሲቪል ምን እንደሆነ ክንዱ ያውቃል፤ ሕንፃና መንገድ ነው፤ ባለ ቆቡ መሐንዲስ። ይህኛውን ግን ሰምቶት አያውቅም። «እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የማሽን ነገር ነው። የሞተር… የብረት።»

ክንዱ ስልኩን ከጆሮው አራቅ አድርጎ ዙሪያውን ቃኘ። ከጉብታው ላይ ሌላ ሰው አልነበረም። «እሺ፣ እናስብበታለን» አለና ዘጋው። ከዚያ ወርዶ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ የሳይንስ መምህሩን የሻውን አገኘውና፣ ለሌላ ሰው እንደሚጠይቅ ሆኖ፣ ሜካኒካል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀው። የሻው ከከተማ የመጣ ደስተኛ ወጣት ነው፤ ነገር የማወሳሰብ ልማድ የለውም። «ብረት ማቅለጥ፣ መቀጥቀጥ፣ መበየድ፣ ማኪና መሥራት ነው፣ አያ ክንዱ። ባጭሩ ዘመናዊ ቀጥቃጭ በለው» አለና ሳቀ። ክንዱም አብሮት ለመሳቅ ሞከረ፤ ጉንጩ ግን እንቢ አለው።

ለምን እንደዚያ እንደከበደው ለማወቅ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

ክንዱ ጎረምሳ ሳለ ከመንደሩ በታች፣ ወንዙ ዳር፣ ቤተ እስራኤሎች ይኖሩ ነበር። ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጣሉ፣ ሴቶቹ ሸክላ ይሠራሉ። አገሬው ማረሻውንም፣ ማጭዱንም፣ ገንቦውንም ከእነሱ ይወስዳል፤ ዞር ሲል ደግሞ «ቡዳ» ይላቸዋል። በአንድ እጁ ማረሻውን እየተቀበለ በሌላው የልጁን ፊት ይሸፍናል። ነውር ነበር፤ ነውሩም የሠሪው ሳይሆን የተቀባዩ ነበር። ይህንን ዛሬ መናገር ቀላል ነው። ያኔ የሚናገር አልነበረም።

ክንዱ በዐሥራ ሰባት ዓመቱ የአባቱን ማረሻ ሊያሠራ ከወንዙ ዳር ቀጥቃጮች አንዱ ወደነበረው ወደ አያ ሀዳነ ተላከ። ሌላው ሰው ብረቱን ወርውሮ ይሄድና ማታ ይመለሳል። ክንዱ ግን ቆመ። ብረቱ ሲቀላ፣ ሲለሰልስ፣ እንደ ሊጥ ሲታዘዝ አየና ወደደው። ሌላ ምክንያት አይፈለግለትም። አያ ሀዳነ ቅንድቡ በእሳት የተላጨ፣ ወሬ የሚወድ አጭር ሰው ነበር፤ ልጁ እንዳልሄደ ባየ ጊዜ «ከቆምክማ ወናፉን ንፋ» አለው። ክንዱ ነፋ። በሌላውም ሳምንት ሰበብ ፈልጎ መጣ። ዓመት ከመንፈቅ እንዲያ ሲመላለስ መዶሻ ማንሳት፣ የአሮጌ ማኪና ባሌስትራ ቆርጦ ማረሻ ማውጣት፣ ብረቱን አግሎ ውኃ ማጠጣት ተማረ። ከሁሉ የሚወደው ግን ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት ነበር። አያ ሀዳነ ብረቱን ውኃ ካጠጣው በኋላ ከረመጡ ዳር ጋደም ያደርገውና ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ተረት ይጀምራል። እያወራ እጁ ሥራ አይፈታም፤ በአንዲት አሸዋማ ድንጋይ የማረሻውን ጫፍ ይፈትጋል። «ብረትም ሰንበት አለው» ይላል። ከዚያ ተረቱን ከመካከል ቆርጦ ብድግ ይልና ብረቱን ከእሳቱ ያርቀዋል። ክንዱ ተረቱ በመቆረጡ ይናደድ ነበር።

በሰማንያ ሦስት ዓመተ ምሕረት የወንዙ ዳር ሰዎች ጓዛቸውን ሸክፈው ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደ እስራኤል ሄዱ። አያ ሀዳነ የማይሸከመውን የብረት መቀጥቀጫ መስፉን፣ ጉጠቱንና ወናፉን ለክንዱ ተወለት። ሲሰነባበቱ «ክንዱ፣ አንተ ሸጋ ልጅ ነህ፤ ግን ችኩል ነህ። አትቸኩል» አለው። ክንዱ አለቀሰ። ለቀጥቃጭ ያለቀሰ መሆኑን ማንም እንዳያይበት ወንዙ ወርዶ ፊቱን ታጠበ።

በዚያ ክረምት የወይራ ማርያም ማረሻ ሁሉ ደነዘ። ሰው ገበያ ለገበያ ቀጥቃጭ ሲፈልግ ከረመ። ክንዱ ተደብቆ የአባቱን ማረሻ ሠራ። አባቱ ብረቱን አገላብጠው አዩት፤ ልጃቸውንም አዩት፤ ከእጁ ላይ ያለውን የእሳት ጠባሳ አዩ። በማግሥቱ ከሰዎች መካከል ቆመው «ልጄ ከገበያ አሠርቶልኝ መጣ» አሉ። ውሸቱን የጀመሩት እሳቸው ናቸው። የጀመሩትም ልጃቸው ሚስት እንዳያጣ፣ ከማኅበር እንዳይገለል፣ ልጆቹ ሲያልፉ ፊት እንዳይሸፈንባቸው ብለው ነው። ክንዱ ይህንን ስለሚያውቅ አባቱን ሲያስብ ከፍቅር ጋር እፍረት ይሰማዋል፤ የትኛው እንደሚበልጥ እስከ ዛሬ አልለየውም።

ሄለን ደግሞ ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ ከእሱ ጋር ወንዝ ዳር ትወርድ ነበር። ወንድሞቿ የወናፉን ነገር ሲሸሹት እሷ ነፋችው። «አባ፣ ምነው ጫፉ ይሰበራል?» ትለዋለች። «ድንጋዩ ነው» ይላታል። «የአያ ሀዳነስ ይሰበር ነበር?» ትለዋለች። «አይሰበርም ነበር» ይላታል። ይህን ጥያቄ እሱ ከልጁ በፊት ለራሱ ሺህ ጊዜ ጠይቆታል።

እንግዲህ ከየሻው ጋር በተነጋገረበት እሁድ ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ለአየለች ሁሉን ነገራትና «ነገ ጐንደር ወርጄ አስተዋታለሁ» አለ።

አየለች ሽሮ እየነፋች ነበር፤ ወንፊቱን አላቆመችም። «ልጂቱ ያየችው አንተን ነው። ታዲያ ማንን ትምሰል?»

«እኔን እንዳትመስልማ ነው ያስተማርኳት!»

«እሱን ሳትነግራት ነዋ ወናፍ ያስነፋሃት» አለችው።

የባሰው ደግሞ ሰኞ ማለዳ መጣ። ጐንደር ሊሄድ ነው የሚል ወሬ ሌሊቱን ተሠራጭቶ አደረና አራት ሰዎች ማረሻቸውን ይዘው ከአጥሩ ሥር ቆሙ። ከፊት አስናቀው ነበር። «ጐንደርማ ከወረድክ ከደህና ሰው አሠራልኝ፤ ይኸ ያምባ ጊዮርጊሱ አልሆነልንም» አለ። ክንዱ አልወስድም ቢል ምን ብሎ? ብረቶቹን ወንዝ ዳር ትቶ ቢሄድስ ነገ ከየት አመጣሁ ይላል? አራቱን ማረሻ በማዳበሪያ ጠቅልሎ ተሸከመና ሁለት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ ከአምባ ጊዮርጊስ አውቶቡስ ተሳፈረ። ቀጥቃጩ ራሱ የሚሠራውን ማረሻ ተሸክሞ ቀጥቃጭ እንደሚፈልግ ሰው ከተማ ወረደ።

ከዩኒቨርስቲው በር ዘበኛው ማዳበሪያውን አስፈታው። ብረቶቹን ሲያይ «አባት፣ ግቢውን ሊያርሱት ነው?» አለና ሳቀ። ክንዱ አልሳቀም። ሲደውልላት ሄለን ሮጣ ደረሰችና ጉልበቱን ልትስም ጎንበስ ስትል ደግፎ አነሳት። ከስታለች፤ ዓይኗ ግን ያው የእሱ እናት ዓይን ነው። ከበሩ ፊት ለፊት ካለች ሻይ ቤት ገብተው ተቀመጡ።

ሄለን ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አውጥታ ዘረጋችለት። ክንዱ ማንበብ ስለሚከብደው እሷ አነበበችለት፦ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ውጤት፣ የአባት ስም፣ የአባት ሥራ። «እዚህ ላይ ገበሬ ብያለሁ» አለች። ከዚያ በታች ከአንድ እስከ ስድስት ባዶ መስመር ነበር። «ይኸ ነው ምርጫው።»

ክንዱ መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀውን ንግግር ጀመረ። ሲቪል ክብር ነው፤ ድልድይ ቢሠሩ ስም ነው፤ ኤሌክትሪኩም ሸጋ ነው፤ ብረት ግን የእሳትና የጥላሸት ነገር ነው፤ ደግሞ ሴት ልጅ ናት። ሄለን አላቋረጠችውም። ሲጨርስ ጎንበስ ብላ ከማዳበሪያው ውስጥ ጫፉ የተቀነጠሰውን ማረሻ አወጣች።

«ይኸ የማነው?»

«የአስናቀው።»

ስብራቱን ወደ ብርሃን አዞረችው። «አባ፣ እየው። ውስጡ እንደ አሸዋ ፍሬ ፍሬ ብሏል። ወርክሾፕ ያስጎበኘን መምህር ልክ እንደዚህ የተሰበረ ብረት አሳየን። እሱን ሳይ ያንተ ማረሻ ነው ትዝ ያለኝ፤ ከክፍሉ ሁሉ እኔ ብቻ ነበርኩ የማውቀው። ብረቱ ግሎ ውኃ ሲገባ ይጠነክራል፤ ግን ይደርቃል። የደረቀ ደግሞ ይሰበራል።»

«ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» አለ ክንዱ።

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። ስለዚህ ውኃ ከጠጣ በኋላ እንደገና በቀስታ ያሞቁታል። ቀይ እስኪሆን አይደለም። ጫፉን ፈትገው ያጠሩትና ቀለሙን ይጠብቃሉ። ማር ሲመስል ቶሎ ከእሳቱ ያወጡታል። ያኔ ድርቀቱ ይለቀዋል።»

ክንዱ የያዘው ብርጭቆ ከጠረጴዛው ላይ ሳያርፍ ቀረ። ወንዙ ዳር፣ ድንጋይ ላይ የተቀመጠው አጭር ሰው በዓይኑ መጣ። ከረመጡ ዳር ጋደም ያለው ብረት። ወሬ እያወራ ጫፉን የሚፈትገው እጅ። ከመካከል የሚቆረጠው ተረት። አያ ሀዳነ ደክሞት አልነበረም። ዕረፍቱ ነበር ሥራው። ክንዱ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ያንን ሰዓት እንደ ሽማግሌ ወግ ቆጥሮ፣ ብረቱን ከውኃ አውጥቶ ወዲያው ለባለቤቱ ሲያስረክብ ኖረ። አትቸኩል ያለውን ምክር ለትዳር፣ ለነገር፣ ለክርክር ሁሉ ተጠቀመበት፤ ለብረቱ ብቻ አላዋለውም።

ለልጁ ግን ይህን አልነገራትም። ይልቅ ፍርሃቱ ባሰበት። አሁንማ ቀልድ አይደለም፤ ልጂቱ ከምሯ ልትሆነው ነው።

«ሄለን፣ ሰው እኮ ነገ ምን ይላል? የቀጥቃጭ ልጅ ይሉሻል።»

«ነኝ እኮ፣ አባ።»

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ከጎናቸው ያሉት ተማሪዎችም አልሰሙም። ክንዱ ግን ሻይ ቤቱ ሁሉ ዞሮ ያየው መሰለውና ፊቱ ነደደ።

«እኔን አባቴ ካልሽ ሲቪል ጻፊ» አለ።

ሄለን ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። እንባዋ ወርዶ ነበር። «እሺ፣ አባ። ዓርብ ነው የማስገባው» አለች። ማረሻውንም በጥንቃቄ መልሳ ጠቀለለችለት።

ክንዱ ያሸነፈ ሰው ሆኖ ወደ ቤቱ ተመለሰ። አውቶቡሱ ውስጥ ጎኑ የተቀመጠው ሰው «ደህና ውለዋል?» ቢለው አልሰማውም።

ረቡዕ ወንዝ ዳር ወረደ። የአስናቀውን ማረሻ አዲስ ጫፍ አወጣለት፣ አገለው፣ ውኃ አጠጣው። ከዚያ ከረመጡ ዳር ጋደም አደረገውና አያ ሀዳነ ይቀመጥበት ከነበረው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ተረት የሚነግረው ሰው ስላልነበረ ዝም ብሎ ጫፉን ፈተገ። ብረቱ መጀመሪያ ነጣ፤ ቀጥሎ ፈካ ያለ የገለባ መልክ መጣበት፤ ከዚያ ቀስ እያለ እውነትም ማር መሰለ። ክንዱ ብድግ ብሎ አወጣው። ሲበርድ ከወንዙ ድንጋይ ላይ በሙሉ ኃይሉ መታው። ድንጋዩ ተፈነከተ። ማረሻው ደህና ነበር።

እንደገና መታው። እንደ ልጅ እየሳቀ ሦስተኛም መታው። ከዚያ ዞሮ «ሄለን፣ አየሽ!» ሊል አፉን ከፈተ። ከወናፉ አጠገብ ሰው አልነበረም። ደስታው እዚያው ደረቱ ላይ ቀረና መልሶ ያሳምመው ጀመር። ሠላሳ ሦስት ዓመት የፈለገውን አገኘ፤ አገኘሁት ብሎ የሚነግረው ሰው ግን በአገሩ ውስጥ የለም፤ ማረሻው የሚመጣው ከገበያ ነዋ።

ማታ አየለች ፊቱን አይታ «ምን ሆነሃል?» አለችው። ነገራት። አዳመጠችውና «ሸጋ ነው። ታዲያ ለማን ልትነግረው ነው?» አለችው።

ሐሙስ ማለዳ አስናቀው መጣ። ማረሻውን አነሳ፤ እንደ ልማዱ ለማላገጥ ከአጥሩ ሥር ካለው ቋጥኝ ላይ ጫፉን መታው። ብረቱ ጮኸ እንጂ አልተቀነጠሰም። አስናቀው ቅንድቡን ሰቀለ። ድጋሚ መታው። በአውራ ጣቱ ጫፉን ዳሰሰው።

«አሁን ገና ሰው አገኘህ!» አለ። «ይኸ የጐንደሩ ሰውዬ እጁ ይባረክ! ብረት ማለት እንዲህ ነው። ለመሆኑ ስሙ ማን ይባላል?»

ክንዱ እርግማኑን ሁሉ ችሎ ኖሯል። በሌላ ሰው ስም ሲሰደብ፣ በሌላ ሰው ስም ሲረገም ራሱን ነቅንቆ አሳልፏል። ምርቃቱ ለሌላ ሰው ሲሄድ ማየት ግን አልቻለም። የአያ ሀዳነ ነበር፤ የሄለን ነበር፤ የእሱም ነበር።

«ያስተማረው አያ ሀዳነ ነው» አለ። «የሚሰበርበትን ምክንያት ያገኘችው ልጄ ሄለን ናት። የሠራሁት እኔ ነኝ።»

አስናቀው ወደ መንገዱ ተመለከተ፤ ወደ ክንዱ ቤት በር ተመለከተ። «ክንዱ» አለ ቀስ ብሎ፣ «እኔ ይህን አልሰማሁም። ከገበያ ነው የመጣው።»

ክፋት አልነበረበትም። በአቅሙ ማዳኑ ነበር። የክንዱ አባት በሰው ፊት ቆመው የሰጡትን መሸፈኛ አስናቀውም አንሥቶ እንደገና ሊያለብሰው ሞከረ። ክንዱ ይህን አየና አዘነለት፤ ለራሱም አዘነ።

«እንግዲያው ደግሜ ልንገርህ» አለ። «እኔ ነኝ የሠራሁት። ከዚህ በፊት የተሰበሩብህንም የሠራሁት እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ።»

አስናቀው ማረሻውን አልጣለም፤ አልመረቀምም። ትከሻው ላይ አድርጎት «ደህና ዋል» ሳይል ሄደ። አየለች ከበሩ ሥር ቆማ ሁሉን ሰምታለች። ነጠላዋን አስተካክላ «ስልክህን አትረሳ» አለችው።

ዕለቱ እሁድ አልነበረም። በሥራ ቀን ጉብታው ላይ ሰው አይወጣም ነበር፤ ያን ቀን ግን ከጥዱ ሥር ሁለት ሴቶች እንጨት አሳርፈው ተቀምጠዋል፤ በታች ባለው መንገድም ከማሳ የሚመለሱ ሰዎች ያልፋሉ። ክንዱ አያቸው። ቢጠብቅ ይሄዱ ነበር። አልጠበቀም፤ ደወለ።

«አባ? ምነው፣ ደህና ናችሁ?»

«ደህና ነን። ወረቀቱን አስገባሽው?»

«ገና ነው። ነገ ነው።»

«የብረቱን አንደኛ አድርጊው።»

«አባ…» አለች ሄለን።

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። አልተሰበረም፤ ሦስት ጊዜ መታሁት። ማሩ ሲመጣ ነው ያወጣሁት። አያ ሀዳነም እንደዚያ ነበር የሚያደርግ፤ እኔ ነኝ ያላስተዋልኩት። ሌላ ጊዜ አጫውትሻለሁ። አሁን ያ ወረቀት ላይ የአባት ሥራ የሚል አለ አይደል?»

«አለ። ገበሬ ብዬዋለሁ።»

«ከጎኑ ቦታ ተርፏል?»

«ትንሽ።»

«ገበሬና ቀጥቃጭ በይው።»

የወረቀት ድምፅ ሰማ፤ ቦርሳ ተከፈተ። ሄለን እያለቀሰች እንደሆነ ከአተነፋፈሷ አወቀ። «ብዕር ያዝኩ» አለች። «አባ፣ እስቲ ድገመው።»

ሴቶቹ ወሬያቸውን አቁመው ነበር። ከታች ካለው መንገድ አንድ ሁለት ሰው ቀና ብሎ አየ። ክንዱ ፊቱን ወደ መንደሩ አዙሮ ቆመና ሁሉም እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመላት።